የፖይንት ጫማው ይቆይ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሌት በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ሌላ ነገር አይታያትም። አንዲት ወጣት መምህርት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ስታስተምራት ዓመት አልፏታል፤ ልጄም በጣም ትወዳታለች። አሁን ግን መምህርቷ ለዓመቱ መዝጊያ ትርዒት በጣት ጫፍ የሚቆምበትን የፖይንት ጫማ ከውጭ እንድናስመጣ ጠየቀችን። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ልጅቷን ላኪልኝ፤ እዚህ በሩሲያ ዘዴ የሚያስተምር ቦታ አለ፤ በሁለት ዓመት ባለሙያ ያደርጓታል› ትለኛለች። በዚህ ላይ በቴሌግራም የተዋወቅሁት ሰው ቪዲዮዋን ለውጭ አገር አካዳሚ እንዳሳየና እንደተቀበሏት ነግሮኝ ለምዝገባ 600 ዶላር ጠይቆኛል። የአካዳሚውን ስም ስጠይቀው ‹ኋላ ይነገርሻል› አለኝ። ባለቤቴ ‹እስክስታ እያለልን ይህን ምን አመጣው› ይላል። እናቴ ልብሱን አልወደደችውም። የስድስት ዓመቱ ወንድሟም እኔም ልግባ እያለ ያለቅሳል። የቱን ልምረጥ?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከጎንደር

መልስ፦

እህቴ፣ መልሱ አጭር የሆነውን ላስቀድም። ለቴሌግራሙ ሰው አንድ ብር እንኳ አይላኩ። ልጅን በቁም ነገር የሚያሠለጥኑ የባሌት ትምህርት ቤቶች በራቸው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1738 የተመሠረተው የሴንት ፒተርስበርጉ ቫጋኖቫ አካዳሚ አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ሲቀበል በሦስት ዙር ያጣራል፤ መጀመሪያ የሰውነት አቋማቸውንና ተጣጣፊነታቸውን ያያል፣ ቀጥሎ በሐኪሞች ያስመረምራቸዋል፣ በመጨረሻም የሙዚቃ ጆሯቸውንና የመድረክ ስሜታቸውን ይፈትናል። የለንደኑ ሮያል ባሌት ትምህርት ቤትም ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ዋይት ሎጅ ከ11 ዓመታቸው ጀምሮ የሚያስተምራቸውን ልጆች የሚመርጠው በፈተና ነው። ልጅቷን ሳያዩ በአማላጅ በኩል «ተቀብለናታል፣ ገንዘቡን ላኩ» የሚል የታወቀ ትምህርት ቤት የለም። እውነተኛ ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ ቢጠይቅ እንኳ በራሱ ድረ ገጽና በራሱ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስልክ አይጠይቅም። ስሙ «ኋላ የሚነገር» አካዳሚ ደግሞ የለም ማለት ነው። የላኩለት ቪዲዮ ግን ያሳስበኛል፤ እንዲያጠፋው ይጻፉለት፤ ከእንግዲህም የልጅቱን ምስል ለማያውቁት ሰው አይስጡ።

አሁን ወደ ጫማው። እዚህ ላይ ቃሌ ይረዝማል፤ ይህኛው ከኪስ አልፎ አጥንት ይነካልና።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እግር ተሠርቶ አላለቀም። አጥንቶቿ የሚረዝሙበት ጫፋቸው ገና ወደ ሙሉ አጥንትነት ያልጠነከረ ለስላሳ ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል ተደጋጋሚ ጫና ሲበዛበት ይጎዳል። በጣት ጫፍ ሲቆም የሰውነት ክብደት በሙሉ በሁለት በሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ ያርፋል። ያደገችና የበረታች ዳንሰኛ ክብደቷን በጥጃዋ፣ በጭኗ፣ በሆዷና በጀርባዋ ጡንቻ ወደ ላይ ስለምትይዘው ጫማው ላይ አትወድቅም። ያልጠነከረች ልጅ ግን ጫማው ውስጥ ትሰምጣለች፤ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወገቧም ወደ ኋላ ይሰበራል። ሲያዩት እንኳ አያምርም። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ለመምህራን ባወጣው መመሪያ ላይ ከ12 ዓመት በፊት እንዳይጀመር መክሯል። ዕድሜዋ ቢደርስም ሆዷና ጀርባዋ ካልጠነከሩ፣ ቁርጭምጭሚቷ በደንብ ካልተዘረጋ፣ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትማር ከሆነ አሁንም ይቆይ ይላል። የእርስዎ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የተማረችውም አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት መጠበቅ ልጅቷን ወደ ኋላ ያስቀራታል ብለው አይስጉ።

ጫማው ራሱም በሻንጣ በግምት የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ጫፉ በጨርቅ፣ በወረቀትና በሙጫ ንብርብር የደረቀ ነው፤ የሚመረጠውም እግሩ እየተለካ፣ ልጅቷ ቆማበት እየታየች ነው። አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ እንደሆነ እግሯ ወደ ታች ይንሸራተትና ጣቶቿ ይላጣሉ። ቶሎም ያልቃል። ትልልቅ ዳንሰኞች አንዱን ጥንድ በአንድ ምሽት ትርዒት ይጨርሱታል። ዋጋው በውጭ አገር ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። ለአንድ ምሽት ፎቶግራፍ ይህን ያህል ማውጣት፣ ያውም በልጅ እግር ላይ፣ እኔ አልፈርድበትም አልልም፤ እፈርድበታለሁ።

ነገር ግን በዚህ ብቻ መምህርቷን አያባርሯት። ሄደው በእርጋታ ያነጋግሯት፦ «ልጄ 12 ዓመት ሳይሞላት ይህን ጫማ አታደርግም፤ በለስላሳው ጫማ ትርዒቱን ታሳይ።» ከዚያ መልሷን ያዳምጡ። «ልክ ነዎት፤ ወላጆች ትርዒቱን እንዲወዱት ብዬ ነበር» ካለች ሰው ነች፤ ትማራለች፤ ታስተምራለችም። «ሌሎቹ ሁሉ ያደርጋሉ፣ የእርስዎ ልጅ ብቻ ትቀራለች» ካለች ግን ልጅዎን ይዘው ይውጡ። የዚያች አንዲት ደቂቃ መልስ ግድግዳዋ ላይ ከተሰቀለው የምስክር ወረቀት የበለጠ ይነግርዎታል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዎ ምርጫው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ እናንተ ጎንደሮች ከማንም የተሻለ ልምድ አላችሁ። አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ከሽብሸባው ጋር፣ ለመማር የሚሻ ተማሪ ከየአገሩ እየተነሣ በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚመጣው የሕንፃውን ውበት ሰምቶ አይደለም፤ የመምህሩን ስም ሰምቶ ነው። አንድ መሪጌታ ሲመጡም የሚቀርብላቸው ጥያቄ ከማን ተማሩ፣ የት ተመረቁ፣ ማንስ መሰከረላቸው ነው። ከአቋቋሙ ደረጃዎች ቁም ዜማው ሳይጸና ዝማሜ፣ ዝማሜው ሳይጸና መረግድና ጽፋት እንደማይመጣ፣ ተማሪውም ዓመታት እንደሚፈጅበት ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንዱ አምልኮ፣ ሌላው የመድረክ ጥበብ ነውና ሁለቱን አላስተካክላቸውም። ነገር ግን ለመሪጌታ የምትጠይቁትን ጥያቄ ለባሌት መምህር የማትጠይቁበት ምክንያት አይታየኝም። ልጆቻችንን ለዳንስ ወይም ለሙዚቃ ስናስመዘግብ የምናየው አዳራሹን፣ መስታወቱንና የማስታወቂያውን ቀለም ነው። መጠየቅ ያለብን ግን ይህን ነው፦ ከማን ተማርሽ? ስንት ዓመት? መድረክ ላይ ሠርተሻል? ሕፃናትን ማስተማርንስ ለብቻው ተምረሽዋል? በአራተኛው ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል፤ ጥሩ ዳንሰኛ መሆንና ሕፃን ማስተማር የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን መምህሩ ራሱ አያስበውም።

እህትዎ ስለነገረችዎት «የሩሲያ ዘዴ» ጥቂት ልጨምር። በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የታወቁ የማስተማሪያ መንገዶች ጥቂት ናቸው። የሩሲያው በአግሪፒና ቫጋኖቫ (1879–1951) ስም ይጠራል፤ ዘዴዋን ያስቀመጠችበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1934 አሳትማለች። የጣሊያኑ ኤንሪኮ ቼኬቲ (1850–1928) ለእያንዳንዱ የሳምንት ቀን የተወሰነ ልምምድ የደለደለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ ደግሞ በደረጃ የተከፋፈለ ፈተና ስላለው ከእንግሊዝ ውጭም በብዙ አገር ይታወቃል። የትኛው ይበልጣል ብለው አይጨነቁ፤ በጥሩ መምህር እጅ ሁሉም ይሠራል። ይልቅ ዘዴውን በስሙ የሚጠራው ሰው ዘዴውን ማወቁን ያረጋግጡ። የቫጋኖቫው ሥልጠና በመሠረቱ ስምንት ዓመት የሚወስድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ ባር በሚባለው መደገፊያ ፊት ለፊት ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጉልበት ማጠፍንና እግር መዘርጋትን ብቻ በዝግታ ይደጋግማሉ፤ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው። «በሩሲያ ዘዴ በሁለት ዓመት ባለሙያ» የሚለው ማስታወቂያ እንግዲህ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። የለንደኑን ፈተና እናስፈትናለን የሚል ቦታ ካጋጠመዎትም መምህሩ እዚያ የተመዘገበ መሆኑን በአካዳሚው ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልጎ ማየት ይቻላል።

አዲስ አበባ ያለው ቦታ መጥፎ ነው አላልኩም፤ አላየሁትምና። እህትዎ ሄዳ ሁለት ነገር ትጠይቅልዎ። አንደኛ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ትማራለች? መልሱ ቅዳሜና እሑድ አንድ አንድ ሰዓት ከሆነ ጎንደር ከምታገኘው አይበልጥም፤ ለዚህ ሲባል ልጅ ከእናቷ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አትርቅም። ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል፦ ትንንሾቹን ሳይሆን ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት የገቡትን፣ ዛሬ 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ያሳዩኝ ትበል። ትንሽ ልጅ ነጭ ልብስ ለብሳ ስትዞር ሁሌም ደስ ትላለች፤ የማስተማሩ ነገር የሚታየው በትልልቆቹ ላይ ነው። ትልልቆቹ ከሌሉ ወዴት ሄዱ? ጉልበታቸውን ታመው ቀሩ? ተሰላቹ? ወይስ ቦታው ራሱ የተከፈተው አምና ነው? ካሉ ደግሞ ቀርባ ትያቸው፤ ጉልበታቸው ቀጥ ይላል? ሲዘልሉ በዝግታ ያርፋሉ ወይስ ወለሉን ይደበድቡታል? በእረፍት ሰዓት ይስቃሉ ወይስ ጣታቸውን በፕላስተር እየጠቀለሉ ያለቅሳሉ? ስለ አንድ ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ መረጃ የሚሰጥ ብሮሹር የለም።

እርስዎም እዚያው ጎንደር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው ይከታተሉ። ወላጅ እንዳይገባ የሚከለክል የልጆች ክፍል ካለ ምክንያቱን አይጠይቁ፣ ይውጡ። የሚያዩት ነገር ልዩ ዕውቀት አይፈልግም። ልጆቹ ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ጉልበቱ ወደ እግር ጣቶች አቅጣጫ ይሄዳል ወይስ ወደ ውስጥ ይወድቃል? በባሌት እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ ነው፤ ዳሌ ደግሞ በተፈጥሮ ከሰው ሰው ይለያያል። ልጅቷ እግሯን ቀጥታ መስመር አስመስላ ከፍታ ጉልበቷ ግን ወደ ፊት የሚያይ ከሆነ እየተጠመዘዘ ያለው ጉልበቷ ነው። ጥሩ መምህር «ዝጊው፣ ትንሽ ቀንሺ» ትላለች፤ ደካማዋ «ክፈቺ፣ ክፈቺ» ትላለች። ዝላይ የሚመጣው ሰውነት ከሞቀ በኋላ፣ በትምህርቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። እርማቱ ለሁሉም በጅምላ የሚጮህ ነው ወይስ ለእያንዳንዷ በስሟ? እግር እንድትከፍት ብሎ ልጅ ጀርባ ላይ የሚቀመጥ ወይም ተጭኖ የሚያስለቅስ አሠልጣኝ ካዩ ያን ዕለት ይጨርሱት፤ ይህ የቀድሞ ሰዎች ጥብቅነት አይደለም፣ የጡንቻና የጅማት ጉዳት ነው። በእጅ ነክቶ ማስተካከል በባሌት ያለ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ በሰው ፊት፣ ልጅቷ እያወቀች፣ በትከሻና በእግር ላይ ይሁን። ለብቻ በዝግ በር የሚሰጥ ትምህርት አይኑር። ልጆቹን እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ መልቀቅንም ገና በምዝገባው ዕለት «አልፈቅድም» ብለው ይጨርሱት።

የአዳራሹን ወለል በደብዳቤዎ አልጠቀሱትም፤ ሊሾ ወይም ቴራዞ ይመስለኛል፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወላጆች የማያስቡት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ልጅ በሲሚንቶ ላይ በየሳምንቱ መቶ ጊዜ ስትዘል እያንዳንዱ ምት ወደ ቅልጥሟ፣ ወደ ጉልበቷና ወደ ወገቧ ይመለሳል፤ የቅልጥም ሕመም ከዚያም አልፎ የአጥንት ስንጥቅ የሚመጣው እንዲህ ነው። ትክክለኛ የዳንስ ወለል ከሥሩ ስለሚለጠጥ ምቱን ይውጠዋል። ምንጣፍ መዘርጋት መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም እግር ሲዞር ምንጣፉ ስለሚይዘው ጉልበት ይጠመዘዛል። አንድ ጥሩ አናጺ ግን ሞራሌ አግድምና ቁልቁል ደርድሮ፣ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አስገብቶ፣ በላዩ ጣውላ ቢመታበት ለአሥር ልጅ የሚበቃ መድረክ ይወጣዋል። ባሩም ቢሆን ከውጭ አይመጣም፤ ብየዳ ቤት በክብ ብረት በልጆቹ ወገብ ልክ ይሠራል። ወለሉ እስኪሠራ ድረስ መምህርቷ ዝላዩን ትቀንስና የባሩን ሥራ ታብዛ። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልጋቸውም እሱ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባዎት አልቀረም። ልጅዎ ለአሁኑ ጎንደር ትቆይ። ለቴሌግራሙ ሰው ሊልኩት የነበረውንና ለጫማው ሊያወጡት ያሰቡትን ገንዘብ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር አዋጡና ሁለት ነገር አድርጉበት፤ ወለሉን አሠሩ፣ መምህርቷንም አስተምሯት። አዎ፣ መምህርቷን። ወጣት ነች፣ ልጆቹ ይወዷታል፣ የጎደላት ምናልባት ሕፃናትን የማስተማር ሥልጠና ነው። በክረምት አዲስ አበባ ሄዳ ከበሰለ መምህር ሥር እንድትቀመጥ፣ ወይም ለመምህራን የተዘጋጀ የኢንተርኔት ኮርስ እንድትከታተል ብታግዟት ጥቅሙ ለአንድ ልጅ ብቻ አይሆንም። ለልጆቹ በቀጥታ ከስልክ የሚሰጥ ትምህርትን ግን ብቻውን አልመክርም። ስልክ የተጣመመ ጉልበት አያቃናም፤ መብራትና ኔትወርክም የሚሄድበትን ሰዓት አይነግረንም። መምህርቷ በክፍሉ ውስጥ ካለች ግን እንደ ተጨማሪ ይጠቅማል። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ያንን የአዲስ አበባ ቦታ ትሞክረው። ሁለት ወር ይበቃል፤ ቦታውም ይታያል፣ ናፍቆቱም ይለካል። 12 ዓመት ሲሞላት፣ በሳምንት አራትና አምስት ቀን መማር ስትፈልግና ሰውነቷም ሲችል፣ ጎንደር የሚሰጣት ካለቀ ያን ጊዜ ስለ መሄድ እንነጋገራለን።

«እስከዚያ ይመሽባት ይሆን?» ይሉኛል። አይመሽባትም። አሜሪካዊቷ ሚስቲ ኮፕላንድ ባሌት የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካን ባሌት ቴአትር ቀዳሚ ዳንሰኛ ለመሆን የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ሆናለች። እርግጥ እንደ እሷ ያለው ጥቂት ነው። ሌጎስ ውስጥ አንድ ናይጄሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተው ሊፕ ኦፍ ዳንስ አካዳሚ የተባለ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ፤ መምህሩ አብዛኛውን በራሱ ጥረት የተማረ ነው፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው አንቶኒ ማዱ በባዶ እግሩ በዝናብ ውስጥ ሲደንስ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ፤ ልጁም የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ። ሰው የሚያወራው ስለ ቪዲዮው ነው። እኔን የሚገርመኝ ከቪዲዮው በፊት በየዕለቱ ከትምህርት በኋላ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ነው፤ ያ ባይኖር ቪዲዮው ምን ያሳይ ነበር? በኛም አገር ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ የተነሣው አዱኛ የዳንስ ቡድን በዘመናዊ ዳንስ በውጭ መድረክ ጭምር የታወቁ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ወደ ውጭ የሚወስደው በርም ቢሆን የሚከፈትበት ጊዜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የስዊዘርላንዱ ፕሪ ደ ሎዛን ውድድር የሚቀበለው ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው፤ የመጀመሪያ ማጣሪያውንም በቪዲዮ ያደርጋል። ልጅዎ እዚያ ዕድሜ ለመድረስ ገና ስድስት ዓመት ይቀራታል።

ሥልጠናው ከመጥበቁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይውሰዷት። ዳሌዋ ምን ያህል እንደሚዞር፣ ጀርባዋ ቀጥ ማለቱን፣ እግሯ ጠፍጣፋ መሆን አለመሆኑን፣ መገጣጠሚያዎቿም ከመጠን በላይ የላሉ መሆናቸውን ይዩላት። በጣም የምትተጣጠፍ ልጅ ሁሉም ያደንቋታል፤ ቶሎ የምትጎዳውም እሷ ነች። ሁልጊዜ የሚመለስ ሕመም ካለባት «ልማድ ነው» የሚል መምህር አይስሙ። ስለ ምግብም እንዲሁ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅን «ክብደት ቀንሺ» ያለ አሠልጣኝ የዚያ ቀን የመጨረሻ ክፍያውን ይውሰድ። የምታድግ ልጅ ተርባ ስትለማመድ አጥንቷ ይሳሳል፣ የወር አበባዋም ይዘገያል፤ እስከ 15 ዓመት ካልመጣ ሐኪም ማየት አለበት። በጾም ወቅት ልጅቷ የምትጾም ከሆነ ትምህርቱ ከምግብ በኋላ ይሁን፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ለውዙና በሶው አይጉደልባት። እስከ ስንት ሰዓት ትቆይ የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ለባለቤትዎ፦ እስክስታውን ማን ነጠቃት? ጎንደሬ ልጅ በሠርግና በጥምቀት ትከሻዋን እያንቀሳቀሰች ስላደገች ጆሮዋ ምት ያውቃል፤ ባሌት የሚጨምርላት እግርና ጀርባ ነው። ሁለቱን አብራ ትማር። እሳቸውም አንድ ቀን መጥተው ትምህርቱን ይዩት፤ ከሚያስቡት በላይ ወታደራዊ ነው። ለእናትዎ ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ፦ ጠባብ ልብስ የሚለበሰው መምህርቷ የጉልበትና የዳሌ አቀማመጥ እንድታይ ነው፤ ረጅም ሙሉ ሱሪና ልኩን የያዘ ካናቴራም ይሆናል። በዚህ የሚቆጣ መምህር ካለ ስህተቱ የመምህሩ ነው።

የቀለም ትምህርቷ እንዳይጎዳ ማለት ያለብኝ አይመስለኝም፤ እርስዎ ያውቁታል። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ትወቅ፦ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች እንኳ ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ በመድረክ ሥራ አይተዳደሩም። ይህን በዘጠኝ ዓመቷ ሳይሆን በ12 እና በ13 ዓመቷ፣ በግልጽ ይንገሯት።

የስድስት ዓመቱን ልጅዎን ግን ያስገቡት። በሳምንት አንድ ቀን፣ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በዚህ ዕድሜ የሚማረው ሙዚቃ መስማት፣ ተራ መጠበቅና ሳይጋጩ መሮጥ ነው። ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ በፖይንት ጫማ ስለማይማሩ በዚህ በኩል ከመምህርቷ ጋር አይጣሉም። የባሌት ክፍሎች ደግሞ ወንድ ልጅ ይቸግራቸዋልና ክፍያው ላይ ቅናሽ ሳይጠይቁ እንዳያስመዘግቡት።